ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ በመኪና መንገድ ዳር ስላገኘናቸው ውሾች

ባለፈው የጥር ወር በአዳማ ከተማ የቅርብ ዘመዳችን ልጅ ይዳር ነበርና፥ እኛም ከባለቤታችንና ከዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጃችን ጋራ ሆነን በሰርጉ ዋዜማ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ወደ አዳማ ለሚሄድ ሰው ዛሬ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው፥ ግራና ቀኙ በአጥር የተከለለው፥ ገንዘብ የሚከፈልበት ሰፊ መንገድ ነው። ሁለተኛው በቃሊቲ፥ በአቃቂ፥ በዱከም፥ በቢሾፍቱና በሞጆ ከተሞች መካከል እያቋረጠ የሚሄደው አሮጌው መንገድ ነው። በአዲሱ ብንሄድ ኖሮ ፈጥነን በደረስን፥ ይህንም ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት ባላገኘን ነበር። ነገር ግን አክስታችን የሚኖሩት በዱከም ስለሆነና እሳቸውን ይዞ ማለፍ ግድ ስለሆነብን አሮጌውን መንገድ ያዝን።

በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚጽፈው ስለ ሐይቆቹና ስለ ተራሮቹ ነው። እኛም በየቦታቸው ጥቂት ሳንል አንቀርም። ዳሩ ግን ልጃችን ገና ከቃሊቲ ጀምሮ በመስኮት በኩል ውሻ መቍጠር ያዘ፤ የአቃቂን ድልድይ ሳንሻገር «ሠላሳ አንድ» ስላለን፥ ከዚያ በኋላ ዐይናችን ወደ ሌላ አልሄደም።

ቃሊቲ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነበር። በባሕር ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ ዋናው ከተማ የሚመጣው በዚህ አቅጣጫ ስለሆነ፥ ካሚዮን የማይታይበት ሰዓት የለም። በቆሙት ካሚዮኖች መካከልና በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ውሾች እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ ሆነው ተኝተዋል። በመጀመሪያ የሞቱ መስለውን ደነገጥን። ሹፌራችን ግን ሣቀና «ጌታዬ፥ አልሞቱም፤ እየሞቁ ነው» አለን። የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አስፋልቱ ግን ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊቱን ቀስ በቀስ ስለሚመልሰው ከሣርና ከድንጋይ የተሻለ መኝታ ይሆናል። ውሻውን ለጎማ አሳልፎ የሚሰጠውም ይኸው ምቾቱ ነው።

ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ከሰላቸውን አቀጣጥለው ስለ ነበር ነጂዎቹ በዙሪያቸው ቆመው ይቈርሱ ነበር፤ የተረፋቸውንም ይጥላሉ። ጡቷ የወረደ አንዲት ቡናማ ውሻ ቍራሽ ዳቦ በአፏ ይዛ ከመንገዱ ዳር ስትደርስ አየን። ቆመች። አንድ አውቶቡስ አሳለፈች፤ ሁለት ታክሲ አሳለፈች፤ ከዚያም አንድ ዘምቢል የያዙ ሽማግሌ ሊሻገሩ ሲነሡ ከኋላቸው ገብታ፥ ሲቆሙ ቆማ፥ ሲራመዱ ተራምዳ ከማዶ ደረሰች። ሽማግሌው ተከታይ እንደ ነበራቸው አላወቁም። እኛ ራሳችን እንደዚያ ታግሠን መንገድ ከተሻገርን ብዙ ዘመን ሆኖናል።

እንዲህ ያለውን ሁሉ «የመንገድ ውሻ» እያልን መጥራት ልማዳችን ሆኗል፤ መንገዱ የወለደው ይመስል። ሹፌራችን ግን በዚህ አልተስማማም። እሱ በቃሊቲ ብዙ ዓመት ኖሯልና «ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ ሲመሽ የሚገቡበት ደጅ አላቸው። ዘበኛው እንጀራ ይቈርስላቸዋል፤ እነሱም ሌባም ጅብም ሲመጣ ይጮኻሉ። ባለቤት የላቸውም ማለት የሚጠይቅላቸው የለም ማለት እንጂ የሚያውቃቸው የለም ማለት አይደለም» አለን። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው ተረት ለስድብ ሲነገር ስንሰማ ኖረናል፤ በእሱ አፍ ግን የምስጋና ቃል መሰለን። እንዲህ ያለው ውሻ መንገዱን ያውቀዋል፤ የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ይሰማል። የሚያሳዝነው፥ ከቤቱ ኮብልሎ በድንገት ወደ መንገዱ የወጣው ነው። ሹፌራችን ምልክቱን ነገረን፤ ነዋሪው ውሻ መንገዱን አቋርጦ ይሄዳል፥ ኮብላዩ ግን መንገዱን ተከትሎ ይሮጣል፤ ነዋሪው ሰውን ያያል፥ ኮብላዩ ማንንም አያይም።

ይህን በተናገረ በሩብ ሰዓት ውስጥ አገኘነው። አቃቂን ዐልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ልጃችን «አባባ፥ ያ ውሻ ገመድ አለው!» ብሎ ጮኸ። ነጭና ጥቁር የሆነ ውሻ የሚሄደውንና የሚመለሰውን መኪና በሚለየው መካከለኛ ስፍራ ላይ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከትቶ ወደ ፊት ይሮጣል። በአንገቱ የተበጠሰ ገመድ ይንከረፈፋል። እኛም አዘንን፤ ሐዘናችንም ከማስተዋል ቀደመ። መኪናው እንዲዘገይ አዘን፥ መስኮቱን ከፍተን፥ እጃችንን አውጥተን «ኩቲ! ኩቲ! ና!» እያልን በከፍተኛ ድምፅ ተጣራን። ልጃችንም ከእኛ አብልጦ ጮኸ። ውሻው ድምፃችንን ሲሰማ እንደ ተተኰሰበት ያህል ዘሎ ወደ መንገዱ ገባ።

ከኋላችን ኮንቴይነር የጫነ ካሚዮን ነበር። የፍሬኑ ድምፅ ዛሬም በጆሯችን አለ። ካሚዮኑ ወደ ጐን ተንሸራቶ ቆመ፤ ከእሱ ኋላ የነበረ ሰው የሞላበት ታክሲ ደግሞ ከካሚዮኑ ለጥቂት ተርፎ ከአስፋልቱ ወረደ። ውሻው በፊተኛውና በኋለኛው ጎማ መካከል ሾልኮ ወጥቶ የጤፍ ቃርሚያ በቀረበት እርሻ ላይ እየሮጠ ከዐይናችን ጠፋ።

የካሚዮኑ ነጂ ወርዶ ወደ እኛ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስድብ ጠብቀን ነበር። እሱ ግን ዝግ ባለ ድምፅ «ጌታዬ፥ የሚሸሽን ነገር ከኋላው ይጠሩታል? የፈራ ውሻ ጥሪውን ዛቻ ነው የሚለው። ዝም ብለው ቢያልፉት ኖሮ ክፍተት ሲያገኝ ራሱ ይወጣ ነበር» አለን፤ ወደ ታክሲውም ዞሮ ተሳፋሪዎቹን ደኅና መሆናቸውን ጠይቆ ወደ መኪናው ተመለሰ። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

በኋላ በልባችን አሰላነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 28 ሜትር ያህል። ነጂው አይቶ፥ ልብ ብሎ፥ እግሩን በፍሬን ላይ እስኪያኖር ቢያንስ አንዲት ሴኮንድ ታልፍበታለች፤ ያን ጊዜ መኪናው ገና ምንም አልዘገየም። ዕቃ የከበደበት ካሚዮን ፍሬን ከያዘ በኋላም ብዙ ሜትር ይገፋል። መሪ ቢያጣምም ከጐኑ ሰው አለ። እኛ ለአንድ ውሻ ራርተን በታክሲው የነበሩትን ሰዎች ሁሉ ለሞት አቅርበናቸው ነበር ማለት ነው።

እስከ ዱከም ድረስ በመኪናችን ውስጥ የተናገረ አልነበረም። በስተ ግራ የረር፥ በስተ ቀኝ በሩቁ ዝቋላ ይታያሉ። የአድአ ጤፍ ታጭዶ ተወቅቶ ስለ ነበር የጭዱ ክምር በየእርሻው መካከል እንደ ትንንሽ ጎጆ ቆሟል። ባለቤታችን ዝምታው ሲከብዳቸው፥ በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋራ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት እንደ ነበር ለልጃችን አስታወሱት። ልጁም «የዚያ ውሻ ገመድ አልነበረውም» ብሎ መለሰ።

ዱከም በሥጋ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ሰው ጥሬ ሥጋ ለመብላት እስከዚያ ይመጣል፤ በየሥጋ ቤቱም ደጅ ውሾች ተራ የያዙ ይመስል ተደርድረው ይጠብቃሉ። የእኛ አመጣጥ በዓርብ ቀን ስለ ነበር ግን ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል። አክስታችንን «እትዬ፥ ውሾቹ ዛሬ ምን ይበላሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው «እነሱም እንደኛ ይጾማላ!» ብለው ሣቁ፤ ቀጥለውም ረቡዕና ዓርብ ውሾቹ ከሥጋ ቤቱ ደጅ ተነሥተው ወደ መኪናው መንገድ እንደሚወጡና በመኪና የሚገጨውም ውሻ በእነዚሁ ቀናት እንደሚበዛ ነገሩን። ይህን በመዝገብ የያዘው ሰው የለም፤ አክስታችን ግን ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። ነገሩ ከእውነት የራቀም አይመስለንም፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የጅቦችን አመጋገብ የመረመሩ ሊቃውንት፥ በዐቢይ ጾም የሥጋ ትራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ አድኖ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ጽፈዋልና።

አክስታችን በደጃቸው ሁለት ውሾች ያበላሉ። አንደኛው ጐረቤታቸው የነበሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ባለ ፎቅ ቤት ሲገቡ ትተውት የሄዱት ነው። «ዕቃውን ሁሉ ሲጭኑ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ያያቸው ነበር። ምጣዱን ጫኑ፤ የዶሮውን ቆጥ ሳይቀር ጫኑ። መኪናው ሲነሣ እስከ ነዳጅ ማደያው ተከትሎ ሮጠ» አሉን። በአራተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ማኖር ጭንቅ መሆኑን እናውቃለን፤ በነዚያ ሰዎች ላይም አንፈርድም። ዳሩ ግን በከተሞቻችን ሰው ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር ውሻው በየትኛው ዝርዝር ላይ እንደሚጻፍ ማንም አልወሰነም።

በቢሾፍቱ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን የሆራን ሐይቅ ለልጃችን ከላይ ሆነን አሳየነው፤ ከዚያም በሞጆ በኩል ዐልፈን አዳማ ገባን። ሰርጉ መልካም ነበር፤ ጠጁም በዝቶ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምንጽፈው የለንም።

ከሁለት ቀን በኋላ ስንመለስ ዘመዶቻችን በአዲሱ መንገድ እንድንሄድ መክረውን ነበር። አክስታችንን ማድረስ ስለ ነበረብን እንደ ገና በአሮጌው መጣን። ቢሾፍቱን ዐልፈን ዱከም ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ የረር በስተ ቀኛችን ቀልቶ ነበር። ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አቅንቶ የሚሮጥ ሌላ ውሻ አየን። ቡላ መልክ ያለው ትልቅ ውሻ ነው። በአንገቱ የታኘከ ገመድ አለ፤ አንድ እግሩን ያነክሳል።

በዚህ ጊዜ ማንም አልተጣራም። ሹፌራችን ውሻውን ዐልፎ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ከአስፋልቱ ወርዶ ቆመ፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱንም አበራ። ልጃችን ከአክስታችን ጋራ በመኪናው ውስጥ ቀረ። እኛና ሹፌሩ ከመንገዱ ራቅ ብለን ከእርሻው ጫፍ ላይ ጐናችንን ለውሻው ሰጥተን፥ ዐይን ዐይኑን ሳናይ፥ በመሬት ላይ ተቀመጥን። ከሰርጉ ቤት ለመንገድ ከተቋጠረልን ቋንጣ ቍራጭ ቍራጩን ወደ እሱ ወረወርን። የክት ልብሳችንን ለብሰን በቃርሚያ ላይ ተቀምጠን ያዩን መንገደኞች ምን እንዳሉ አናውቅም። ውሻው ቆመ፤ አንዱን አነሣ፤ ሸሸ፤ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ። በመጨረሻው በክንድ ርቀት መጥቶ ተኛ፤ የመዳፉ ሥጋ ተልጦ ይደማ ነበር።

ገመዱን በቀስታ ያዝን። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ካሚዮን ጥሩምባውን ነፋ፤ ውሻውም ደንግጦ ሲዞር ጥርሱ ከአውራ ጣታችን ሥር ያለውን ቈዳ ጫረው። ወዲያውም ራሱን መሬት ላይ አስተኝቶ ዐይኑን ጨፈነ። ሊነክሰን እንዳልፈለገ ግልጽ ነው። ለእብድ ውሻ በሽታ ግን የውሻው ሐሳብ ምንም አይለውጥም።

ከደሙ ጥቂትነት የተነሣ በመሐረብ አሥረን ልንሄድ ነበር። ባለቤታችን አልፈቀዱም። በመኪናው ከነበረው ጀሪካን ውሃ እየቀዱ በሳሙና አሳጠቡን፤ ሰዓታቸውንም እያዩ 15 ደቂቃ እስኪሞላ እጃችንን አልለቀቁም። አክስታችን በበኩላቸው «አረቄ አፍስሱበት፤ ነገ ደግሞ ጠበል እንወስደዋለን» ይሉ ነበር። ባለቤታችንም «ጠበሉ አይቀርም፥ እትዬ፤ አስቀድሞ ግን ሳሙናው ከዚያም መርፌው» ብለው መለሱ። ሁለቱም እንደ ተናገሩት ሆነ። ውሻውን በአክስታችን ግቢ አሥረን ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወደ ቢሾፍቱ ተመለስን።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩባትና የእንስሳት ክትባት የሚሠራባት ከተማ ናት፤ ሆኖም እኛ የሄድነው ወደ ሰው ሐኪም ነው። የተቀበለችን ነርስ ቍስሉን አይታ መታጠቡን ካረጋገጠች በኋላ ፊተኛ ጥያቄዋ «ውሻው አለ? እንዳትገድሉት!» የሚል ነበር። ምክንያቱንም አስረዳችን። የበሽታው ቫይረስ ከቍስሉ ተነሥቶ በነርቭ መንገድ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጕዞው ብዙ ጊዜ ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። አንጎል ደርሶ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ይቀድመዋል። በውሻው በኩል ደግሞ፥ መርዙ በምራቁ ውስጥ የሚገኘው ከምልክቱ በፊት ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ፥ ከነከሰ በኋላ ዐሥር ቀን በደኅና የቈየ ውሻ በነከሰበት ቀን በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የዐሥሩን ቀን ውጤት ሳይጠብቁ መርፌውን ዛሬውኑ መጀመር፥ ውሻውን ግን አሥሮ መጠበቅ ይገባል።

በልጅነታችን የተነከሰ ሰው ከበግ አንጎል የተሠራ መድኃኒት በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ እናውቅ ስለ ነበር ሸሚዛችንን ልንገልጥ ስንጀምር ነርሷ ሣቀች፤ የወጋችን በክንዳችን ላይ ነው። ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ዦዜፍ ሜስተር የተባለውን ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባቱ ካዳነ ወዲህ ዘመን ተሻግሯል፤ ሆኖም በዓለም በያመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ይበልጡም በእስያና በእኛ በአፍሪካ ነው። ሰው የሚያዘውም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ ነው። ስለዚህም በየከተማው ውሾችን በመርዝ መግደል በየዘመኑ ተሞክሯል። ነገር ግን የሞተውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል፤ ከውሾቹ ከመቶ ሰባው በየጊዜው ሲከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። አክስታችን የሚያበሏቸው ሁለቱ ውሾች በዚህ ስሌት የከተማይቱ አጥር ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ክትባታቸውን ጠይቆ የሚወስዳቸው ቢገኝ።

ነርሷ ቀጥላ፥ በአጠራጣሪ ውሻ ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ አርባው ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን፥ ብዙውን ጊዜም ቍጣ ፈርተው እንደሚደብቁ ነገረችን። ይህን ስትናገር ልጃችን በበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ወደ መኪናው ስንመለስ አልገባም አለ። ጥቂት ቆይቶ «አባባ፥ እኔንም ነክሶኛል» አለ። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ በባቱ ላይ ሁለት የዳኑ ጠባሳዎች አሳየን። ከሁለት ወር በፊት ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሰፈራችን በር የሚውለውን ቡችላ ሲያጫውት ነክሶት ኖሯል። «ሁለተኛ ውሻ እንዳትነካ ብለኸኝ ስለ ነበር» አለን። እውነት ነው፤ ብለነው ነበር፤ ያልነውም ተቈጥተን ነበር።

ሁለት ወር! ነርሷ ስለ ሳምንታትና ስለ ወራት የነገረችን ሁሉ በጆሯችን ጮኸ። ባለቤታችን በመኪናው በር ላይ ተደገፉ። እኛ በተያዘው እጃችን ስልኩን አውጥተን የሰፈራችንን ዘበኛ ጠራን፤ ሁለት ጊዜ አላነሣም። በሦስተኛው አነሣ። «ያ ቡችላ አለ ወይ?» አልነው። «የትኛው? ቡቺ?» አለ። «አዎን፥ ቡቺ!» «አለ እንጂ ጌታዬ፤ እግሬ ሥር ተኝቷል። ምነው፥ ምን አጠፋ?» ወደ ነርሷ ተመልሰን ነገርናት፤ እሷም የልጁን እግር በፋኖስ መብራት እንደሚያዩ ሰዎች ዝቅ ብላ አይታ፥ ጠባሳው ያን ያህል የቈየ መሆኑን መርምራ፥ ቡችላው እስከዛሬ ደኅና ከሆነ ልጁን ከእሱ የሚያሠጋው እንደሌለ አረጋገጠችልን። ዳግመኛ የሆነ ነገር ቢኖር ግን በዚያው ቀን እንዲናገር እሷ ራሷ በእጁ አስጨበጠችው። እኛም በዚያ ምሽት ለልጃችን፥ ስለ ንክሻ የሚነግረን ልጅ በቤታችን እንደማይመታና እንደማይቈጣ ቃል ሰጠነው።

ለዐሥሩ ቀን ውሻው በአክስታችን ግቢ ቈየ። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን መርፌያችንን ስንወጋ፥ አክስታችን በየማለዳው ስልክ ደውለው «በልቷል፤ ጠጥቷል» ይሉን ነበር። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው በየሻይ ቤቱ እየጠየቀ መጣ። በቢሾፍቱ የመጋዘን ዘበኛ ነው። ውሻውን የሰጡት በአቃቂ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ስለ ፈረሰ ወደ ባለ ፎቅ ቤት ሲገቡ በፒክአፕ አድርገው እስከ ቢሾፍቱ አምጥተውለታል። ክትባቱን ቢጠይቃቸው፥ ተከትቧል፥ ወረቀቱ ግን ቤት ሲለቀቅ ጠፍቷል ብለውታል። «ሦስት ጊዜ ገመድ በጠሰብኝ» አለ ሰውዬው፤ «ሦስቱንም ጊዜ ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ላይ ፊቱን ወደ አቃቂ አድርጎ ነው።»

ከቢሾፍቱ እስከ አቃቂ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሻው አንድ ጊዜ፥ ያውም በመኪና ተጭኖ፥ ያለፈበትን መንገድ እንዴት እንደ ያዘው እናንተም እንደኛ ትደነቁ ይሆናል። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ኮብላይ ያልነው ውሻ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ ቤቱ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ያን በአቃቂ አጠገብ ከእኛ ጩኸት የተነሣ ወደ እርሻው የገባውን ነጭና ጥቁር ውሻ ባሰብን ቍጥር፥ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ራሳችንን እንጠይቃለን። ሹፌራችን በዚያ ባለፈ ቍጥር በዐይኑ ይፈልገዋል፤ እስከ ዛሬ አላገኘውም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ውሻው ደኅና ነበር፤ ሐኪሙም የእኛን መርፌ አቆመልን። ዘበኛው ውሻውን ለአክስታችን ተወላቸው፤ እሳቸውም ከሁለቱ ጋራ ሦስቱንም በአንድ ቀን አስከተቧቸው። ገመዱን አውልቀው ረዥም ሰንሰለት አደረጉለት፤ ለመኝታውም የእንጨት ሣጥን አሠሩለት። በደወሉልን ቍጥር እንደሚነግሩን፥ ሣጥኑን ነፋስ እንዳይገባበት አፉን ወደ ግድግዳው አዙረው ቢያኖሩትም፥ ሌሊት ውሻው ወጥቶ በብርዱ ላይ ፊቱን ወደ አቃቂ አድርጎ ይተኛል።